ቆዳው የማይሸጥ እንስሳ

«እከክ» የሚለው ቃላችን ለሰውም፣ ለበግም፣ ለውሻም አንድ ነው። «አለርጂ» ግን ዘግይቶ የመጣ ቃል ነው። አምቦ ውስጥ አፍንጫው የሚፈስም፣ ዓይኑ የቀላም፣ ክንዱን የሚያክክም «አለርጂ ነው» ብሎ ይገላገላል። ክኒን ይገዛል፤ ይሻለዋል ወይም አይሻለውም። ቃሉ አሁን አሁን ወደ ውሾችም ደርሷል። ችግሩ፣ ውሻ ላይ ሲሆን የሁለቱ ቃላት ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑ ነው። ይህን የምለው ቡቺን አይቼ ነው።

ቡቺ የእናቴ ውሻ ነው። የአበሻ ውሻ፣ ቡኒ፣ ቢበዛ 15 ኪሎ ቢመዝን ነው። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ወደ አምቦ የምመጣው በዓል ሲደርስ ነው። ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት ቤት ስገባ የቡቺ የጆሮው ጠርዝ ፀጉር አልነበረውም። ክርኑ ተልጧል፤ የሆዱ ቆዳ ቀልቶ እንደ አሮጌ ጫማ ተጨማድዷል። ሌሊቱን ሙሉ ያክካል። እግሩ የቆርቆሮውን አጥር ሲመታ ድው ድው ሲል ያድራል፤ በቃ እንቅልፍ የለም።

ግቢው ውስጥ ሐሳብ ሞልቶ ነበር። እናቴ «ምግቡ ነው፤ አለርጂ ሆኖበት ነው» ትላለች። ጋራዥ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ ባይ ነው። አምቦ ነውና፣ ለቆዳ ይበጃል እየተባለ ሰው በሚታጠብበት ማዕድን ውሃ ይታጠብ ያለም አልጠፋም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አዛውንት ግን ሌላ ነገር አሉኝ፤ «ልጄ፣ ይሄ ውሻ ሊያብድ ነው። ሰው ሳይነክስ አንድ ነገር አድርጉ።»

«አንድ ነገር» ምን እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። በብዙ ከተሞቻችን ለውሻ መርዝ ያለበት ሥጋ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ደግሞ ባለቤት ያለው አይመስልም። በሽታው ሳይገድለው መልኩ ያስገድለዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ጠባይ ይለውጣል፣ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ ሽባ ያደርጋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻው በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሦስት ወር ሙሉ እያከከ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ ስሙ ሲጠራ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ያመመው ሌላ ነገር ነው። ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው «የክትባቱን ወረቀት አሳየኝ» አሉኝ። እናቴ በየዓመቱ ስለምታስከትበው ወረቀቱ ነበር። አዩት፤ ብዙም አላመኑም፤ ግን ዝም አሉ።

የእናቴ ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም። ውሻን ምግብ አለርጂ ሊሆንበት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚከሰሱት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ የደም ምርመራ የለም። መንገዱ የተጠረጠረውን ምግብ ስምንት ሳምንት ያህል ጨርሶ መከልከል፣ ከዚያ መልሶ መስጠትና ማየት ነው። አሁን ቁጠሩ፦ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት ሊሞላው አንድ ቀን ቀረው። የጾመኛ ቤት ውሻ ሳያውቀው በየዓመቱ ይህን ሙከራ ይሠራል ማለት ነው። ቡቺ ከግቢ አይወጣም፤ በጾሙም ግቢያችን አጥንት አይገባም። ማከክ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ጾሙ ውስጥ ጭራሽ ባሰበት። ስለዚህ ሥጋና ወተት ከጥርጣሬው ወጡ። ዳቦ ፍርፋሪ ሲበላ ስለከረመ ስንዴ አልወጣም።

በሥራዬ የለመድኩት አንድ ነገር አለ። ፕሮግራም ሲበላሽ አምስት ነገር በአንዴ ከቀየርክ፣ ቢስተካከል እንኳ ምን እንዳስተካከለው አታውቅም። የቆዳ ሐኪሞችም ለካ እንደዚሁ ናቸው። መጀመሪያ ቁንጫ፣ ቀጥሎ እከክ የምታመጣው ተባይ፣ ከዚያ ቁስሉን ተከትለው የሚገቡት ባክቴሪያና ፈንገስ፣ ከዚያ ምግብ ይታያሉ። የአበባ ብናኝና የአቧራ አለርጂ የሚባለው እነዚህ ሁሉ ከወጡ በኋላ ነው።

ቁንጫን ለመፈለግ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ ይበቃል። ጀርባውንና የጅራቱን ሥር አበጥሩና የረገፈውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። ዙሪያው ቀይ ቡኒ ሆኖ ከተሠራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም ቁንጫዋ የመጠጠችው ደም። የቡቺ ብናኝ አፈር ሆኖ ቀረ። ደግሞም ቁንጫ በብዛት የሚያሳክከው ከወገብ በታች ነው፤ ቡቺ የተላጠው ጆሮው፣ ክርኑና ሆዱ ነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ሐኪም ይፈልግ ነበር። ምዕራብ ሸዋ የእንስሳት ሕክምና የማይታወቅበት አገር አይደለም፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ጉደር ባለው የማሞ መዘምር ካምፓሱ ትምህርቱን ይሰጣል። ግን ከጊንጪ እስከ ጌዶ የእንስሳት ክሊኒክ ማለት በሰው ልብ የከብት ክሊኒክ ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ቡቺን በገመድ ይዤ ስደርስ ከፊቴ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና አንድ አህያ ነበሩ። አንድ ገበሬ በአፋን ኦሮሞ «ውሻ ታሳክማለህ? ሌላ ቡችላ አትወስድም?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የገረመው ይመስላል።

ገበሬው የተናገረው የአገሪቱን ሒሳብ ነው። በአማራ፣ በትግራይና በአፋር በጎችና ፍየሎች እከክ ሲይዛቸው በዘመቻ በዲያዚኖን እየተነከሩና እየተረጩ ታክመዋል፤ እከክ የነካው ሌጦ ቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ ጠባሳው ይወጣና ዋጋው ይወድቃላ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የሰው እከክ አማራ ክልል ውስጥ ሲዛመትም የጤና ባለሙያዎች ተሰማርተዋል። የውሻ ቆዳ ግን አይሸጥም። ለማይሸጥ ቆዳ ዘመቻ የለም፤ ያለው የባለቤቱ ጊዜና የአንድ ሐኪም ፈቃደኝነት ነው።

ዶክተሩ ወጣት ነበር። መጀመሪያ ምንም መሣሪያ አላነሳም። የቡቺን የጆሮ ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ ፈተግ ፈተግ ሲያደርገው የቡቺ የኋላ እግር አየሩን ማከክ ጀመረ። «አየህ?» አለኝ። ከዚያ ዘይት በነካ ምላጭ ቆዳውን ደም እስኪያቀላ ሦስት ቦታ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ምንም የለም። ቅር ሲለኝ አይቶ አስረዳኝ፤ ሳርኮፕተስ የምትባለው ተባይ ቆዳ ውስጥ ቦይ ቆፍራ ስለምትኖር የታመመ ውሻም ተፍቆ ብዙ ጊዜ አትገኝም። አለመገኘቷ አለመኖሯን አያሳይም።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ፤ «ቤት ውስጥ የሚያክክ ሰው አለ?»

አለ። ታናሽ እህቴ። ክንዷ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶባት የአለርጂ ክኒን እየወሰደች ነበር። ቡቺን የምታቅፈው እሷ ናት። የውሻው ተባይ ሰው ላይ አትራባም፤ ግን ታሳክካለች፤ ውሻው ሲድን ሰውም ይድናል።

ስለ ሞተር ዘይቱም ጠየቅኩት። «የተቀባውን ይልሰዋል እኮ፤ ቆዳውን ትተህ ሆዱን ትመርዘዋለህ» አለ። ፕሬድኒሶሎንስ? ማሳከኩን ቶሎ ያስታግሳል፤ ግን የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም ተባዩዋ ይመቻታል። «አለርጂ ነው» ብሎ መጀመር አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው የተሻለው መስሎ ውስጥ ውስጡን ይብስበታል።

የሰጠው ለከብት የመጣውን አይቨርሜክቲን ነው። ይህ መድኃኒት ጃፓን አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመነጨ ሲሆን፣ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነው። የተለመደው የከብት መጠን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ለ15 ኪሎ ውሻ የሚደርሰው የሚሊ ሊትር ክፋይ ስለሆነ በዓይን አይገመትም። ዶክተሩ ቡቺን መዘነው፤ የፈረንጅ ዘር እንዳለበትም ጠየቀኝ። ኮሊና ዘመዶቹ በሚወርሱት የጂን ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ዘልቆ ሊገድላቸው ይችላል። እባካችሁ ገዝታችሁ ራሳችሁ እንዳትወጉ።

መርፌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ እንቁላሉን ስለማይገድል የተፈለፈለውን መጠበቅ ግድ ነው። የተኛበትን ጭድ አቃጠልን፣ ጨርቁን በፈላ ውሃ አጠብን። የቀረው ከባዱ ነበር፦ ቡቺ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኘው የአዛውንቱ ውሻም ካልታከመ ልፋቱ ከንቱ ነው። እሳቸው በመጀመሪያ «የኔ ደህና ነው» አሉ። ቡና ጠርታ ያሳመነቻቸው እናቴ ናት፤ «እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይሄ አይደል እንዴ?» ብላ። ሳቁ። ሁለተኛው መርፌ ዕለት ሁለቱን ውሾች አብረን ወሰድናቸው።

ከወር በኋላ ሌሊቱ ጸጥ አለ። የእህቴ ክንድ ጠራ። በሐምሌ የቡቺ ጆሮ ፀጉር ለበሰ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። መስከረም ላይ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ሲቀላ ሳይሆን ሲቢጫ፣ ቡቺ የፊት እግሮቹን መላስ ጀመረ። ጆሮው ደህና ነው፤ ቁንጫ የለም፤ ሌላ የሚያክክም የለም። ኅዳር ሲገባ ተወው። ዶክተሩ በስልክ «አሁን አለርጂ ልትለው ትችላለህ» አለኝ። እሱ የሚነቀል አይደለም፤ የሚያዝ ነው። ከሜዳ ሲመለስ እግሩን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጣቶቹ መሃል ማድረቅ፣ በልብስ ሳሙና አለማጠብ። ሴትሪዚን አንዳንዱን ውሻ ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ቁስል ከወጣበት እንደገና ክሊኒክ ነው።

እናቴ አሁን መላስ የጀመረበትንና የተወበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ታሰፍራለች። አዛውንቱም ባለፈው ሰሞን ከሠፈሩ የአንድ ልጅ ውሻ ይዘው መጡ። ጆሮው ተላጧል፤ ልጁ ፈርቷል። «ያብዳል አላልኩም» አሉኝ ቀድመው፤ «ብቻ ያቺን የጆሮዋን ነገር እያት።»