ባሕር ያልገታው መምህር

በ1955 ዓ.ም. መባቻ ግድም ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች እንግሊዝኛና ሌላም ትምህርት ለማስተማር ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተሠማሩ። አባታችን ከነዚሁ ባንዱ እጅ የተማሩ ነበሩና፥ መምህራቸው በተሰባበረ አማርኛ «እንደምን አደራችሁ» ባለ ቁጥር ተማሪው ይሥቅ፥ እርሱም አብሮ ይሥቅ እንደ ነበር ያጫውቱን ነበር።

እኛም በገበሬ ቁራሽ በቆሎ ተማሪነት ዜማ ተምረን፥ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ቀስመን፥ ድሬዳዋ በመምህርነት ተቀመጥን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት በክረምት ያለ ደመወዝ እንድናስተምር ብንለመን፥ «ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ሕፃናቱም የሚናገሩትን ኦሮምኛ አናውቅም» ብለን እምቢ አልን።

እናታችን ይህን ሰምተው፥ «ልጄ፥ የአባትህ መምህር ባሕር ሲሻገር አማርኛ ያውቅ ኖሯልን? ቁራሽ የሰጠህስ ገበሬ ምን ከፍለኸው ነው?» አሉን። መልስ አጣን፤ አፈርንም።

በሳምንቱ ሄድን። ከጎረቤት የተማርነውን «አካም ቡልተን» በክፍሉ ፊት ብንናገር ሕፃናቱ በሣቅ ፈነዱ፤ እኛም አብረን ሣቅን። ከዚያ ወዲያ እነርሱ አንድ ቃል ሲያስተምሩን፥ እኛም አንድ ቃል ስናስተምራቸው ክረምቱ አለቀ።

የተማረ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ በመጪው ክረምት ወደ ቅርቡ ገጠር መርቃችሁ ላኩት።