በማን ላይ እንሥቃለን?

ሣቅ መልካም ነገር ነው። ያዘነን ያጽናናል፤ የተጣላን ያስታርቃል፤ በግልጥ ለመናገር የሚያስፈራውንም እውነት ጨዋታ አስመስሎ ያቀርባል። ነገር ግን ሣቅ እንደ ቢላዋ ነው፤ እንደ ያዡ ሁኔታ ይጠቅማል፥ ያቈስላልም። ይህን ያወቅሁት ከሰው ምክር ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነውና፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሳልሸሽግ ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ አዲስ የቀልድ ትርኢት ለማየት ሄድሁ። የቀረቡት ስለ ፖለቲካና ስለ ማንነት የተዘጋጁ አጫጭር ጭውውቶች ነበሩ። በመጀመሪያው ጭውውት አንድ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ይሄዳል። ጸሓፊውም ብሔሩን ይጠይቀዋል። ሰውዬው የአባቱ ወገን ሌላ፥ የእናቱ ወገን ሌላ፥ ያሳደገችው አያቱም ከሦስተኛ ወገን መሆኗን ቢያስረዳ፥ ጸሓፊው ቅጹን አገላብጦ ተመለከተና «መስመሩ አጭር ስለ ሆነ አያትህን ቀንሳት» አለው። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ፤ ጓደኛዬም እንባው እስኪፈስ ሣቀ።

ቀጥሎ የመጣው ጭውውት አማርኛ የማይቀናው አንድ የቀን ሠራተኛ ነበረበት። ተዋናዩ ቃላቱን እያጣመመ ከመጮኽ በቀር ምንም ቁም ነገር አልተናገረም። እኔ ግን ከፊተኛው ይልቅ አብዝቼ ሣቅሁ። ጓደኛዬ አማርኛን የተማረው ከእናቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት መሆኑን በዚያች ሰዓት ዘንግቼው ነበር።

በማግሥቱ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን ያንን አነጋገር በሰዎች ፊት ቀዳሁት። ሁሉም ሣቁልኝ። ጓደኛዬ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና «ወንድሜ፥ ትናንት በቀበሌው ጸሓፊ ስንሥቅ አብረን ነበርን። አሁን የምትሥቀው ግን በእናቴ አፍ ነው» አለኝ። የሁለታችንንም ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አልተነጋገርንም።

በዚያ ዝምታ ወራት ስለ አገራችን ቴያትር አጀማመር ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ቴያትር ደርሰው በአዲስ አበባ አሳዩ። የዘመናዊ ቴያትራችን መጀመሪያ የሚባለው ይኸው ነው። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት እንስሳት ነበሩ፤ ነገር ግን በአውሬ ተመስሎ የተወቀሰው የአስተዳደሩ ጉድለት መሆኑ ከባለሥልጣኖቹ አልተሰወረም፤ ቴያትሩም ታገደ። እኒሁ ሰው ኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። በጉድለት ያሣቁት ጉድለቱን ለማቃናት የሚመኙ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ጭውውት ልዩነት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የቀበሌው ጸሓፊ ቅጹን ሊያሻሽል፥ አሠራሩንም ሊያርም ይችላል። የቀን ሠራተኛው ግን ከእናቱ የወረሰውን አንደበት ወዴት ይጥለዋል? ደግሞም በእርሱ የሣቅሁት እኔ ከአማርኛ በቀር የማውቀው ያገሬ ቋንቋ አልነበረም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነበር።

ጓደኛዬን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቋንቋውንም እንዲያስተምረኝ ለመንሁት። የመጀመሪያውን ሰላምታ ለማለት ስሞክር ምላሴ ተሳሰረና አንዱን ቃል ከሌላው ደባለቅሁት። እርሱ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ በዚያም ሣቅ ታረቅን።

አንተም፥ አንባቢዬ፥ ቀልድ ሰምተህ ለመሣቅ አፍህን ስትከፍት አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ፊት ቀና ብለህ ተመልከት። እርሱም አብሮህ የሚሥቅ ከሆነ ሣቅ፤ እርሱ አንገቱን ከደፋ ግን አፍህን ክደን፥ ነገ በእኔ ብለህም አስብ።