ለየኔታ ምን እንበላቸው?

ባለፈው ክረምት ሦስት የአንድ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ሀገራችን ወደ ዱርቤቴ ተሳፈርን። ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና ዳንግላን አልፈን እስክንደርስ አንድ መጽሐፍ ለሦስት አነበብን፤ አንዳችን ገጹን ሲገልጥ ሁለታችን ከጎኑ እያጮለቅን። የዶክተር ይርጋ ገላው ወልደየስ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝኛ የታተመ ሲሆን፣ አርእስቱን «ሀገር በቀል ቅኝ አገዛዝ» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም።

ምሁሩ በአውስትራሊያው ከርቲን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ የቆዩ ናቸው። ለዚህ መጽሐፍ የሚሆነውን ጥናት ግን ያካሄዱት ላሊበላ ላይ ነው። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ጠላቱን ዓድዋ ላይ የመለሰ ሕዝብ ልጆቹን ለማስተማር ሲነሣ ስለ ምን የራሱን ዕውቀት ከደጅ አስቀረ? በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ከነባሩ ላይ እንደመቀጠል ነባሩን ናቀው ይላሉ። ስለ ብራና መጻሕፍታችንም ጽፈዋል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ እንደተዘረፉት ያሉ መጻሕፍት በባዕድ ቤት ተቆልፈው መቅረታቸውን ሕያው አካልን በመቃብር ከማኖር ጋር ያመሳስሉታል።

በዚህ መንገድ የሄዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ዶክተር እሌኒ ተድላ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ አፍሪካ አስተሳሰብና ትምህርት ላሳተሙት መጽሐፍ «ሳንኮፋ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ቃሉ የጋናዎቹ የአካን ሕዝቦች ነው፤ «ተመለስና የተውከውን አምጣ» እንደማለት ነው።

እኛም ተመለስን። ልባችን ሞቋል፤ በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብለው ወደሚያስተምሩ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄድን። ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ከብበዋቸዋል። ጉልበት ስመን ተቀመጥን።

«እህሳ ልጆቼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሩ ከረማችሁ?» አሉን።

ተያየን። ኢፒስተሞሎጂ እንበል? ዲስኮርስ እንበል? አንዳችን ጀመረና ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ ተንተባተበ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርነው ነገር በእናታችን ቋንቋ አልወጣ አለን። ስለ ሀገር በቀል ዕውቀት መከበር ለሀገር በቀሉ መምህር ማስረዳት አቃተን! የኔታ ታገሡን፤ አላሳቁብንም። ቆይተው ግን ሌላ ጥያቄ አመጡ፦

«ግድ የለም። እናንተ ራሳችሁ ስንት ዘረፋችሁ?»

ቅኔ ቤት ላልዋለ አንባቢ፣ «መዝረፍ» ማለት አዲስ ቅኔ ማፍለቅ ነው። ተማሪው ግሡንና አገባቡን በቃሉ ያጠናል፤ ቀጥሎ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይደርሳል። ሰሙም ወርቁም የራሱ መሆን አለበት፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ከጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ለካ ማጥናቱ መሠረት ኖሯል፤ ቤቱ መፍጠር ነው። እኛ ደግሞ «የድሮ ትምህርት ሽምደዳ ነው» ሲባል ስንሰማ አድገናል። ግን ማን ነው ሸምዳጁ? ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንድአውት ይዘን፣ አጥንተን፣ ፈተና ላይ ዘርግፈን የምንወጣው እኛ አይደለንምን? ለየኔታ መልስ አልሰጠንም፤ አንድም አልዘረፍንም ነበርና።

ሆኖም ነገሩን ማር ብቻ አድርገን ልንጽፈው አንፈልግም። ስንመለስ ከሦስታችን አንዷ፣ «እኔ ብሆን ከዚያ ዛፍ ሥር ማን ያስቀምጠኝ ነበር?» አለች። ዝም አልን። ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርት አፍርታለች፤ ወንዶቹ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ይሁን እንጂ አንዲት ገላነሽ አለፈች ብለን በሩ ለሴት ልጅ ክፍት ነበር ማለት አንችልም። አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየተጋፋ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነው የቆሎ ተማሪ ረኃብም ጌጥ አይደለም። ተመልሰን እናምጣ ስንል እያበጠርን ነው፤ ገለባውን ከፍሬው ጋራ አንጭንም።

ዶክተር ይርጋ በእንግሊዝኛ መጻፋቸውን አንወቅስም፤ ዓለም እንዲሰማ በዓለም ገበያ መናገር ግድ ነው። ከዚያ ወደ ዱርቤቴ የቀረውን መንገድ መሸከም የኛ የተማሪዎቹ ዕዳ ነው። መንገዱ ደግሞ አጭር አይደለም፤ የሦስት ዓመት ትምህርታችንን በየኔታ ፊት አንድ እርምጃ ማስኬድ እንዳቃተን አይተናል።

ስለዚህ ሦስታችን ተማምለናል። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለመምህራኖቻችን በእንግሊዝኛ ስናስረክብ፣ ፍሬ ሐሳቡን በአማርኛ ጽፈን ለየኔታ እናነብላቸዋለን። ያልገባቸው ቦታ ካለ ጥፋቱ የኛ ነው፤ እንደገና እንጽፈዋለን። ይህችን ጽሑፍም ለልምምድ ይዘንላቸው እንሄዳለን። አድምጠው ሲያበቁ «ይህስ የማን ዘረፋ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ያን ጊዜ እንኳ «የኛ ነው፣ የኔታ» ለማለት ያብቃን።