ስም መጥሪያው

አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ታች ጋይንት ከነፋስ መውጫ በስተደቡብ፣ ከደጋው ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየተንደረደረ የሚወርድ አገር ነው። የወረዳው ከተማ አርብ ገበያ ናት። በገበያ ቀን ደገኛው ገብሱንና በጉን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ይገናኝባታል። ይሁንና ሰው ገበያ የሚወጣው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አይደለም። ዘመድ የሚጠያየቀው፣ መርዶ የሚሰማው፣ ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጅ ጋብቻ የሚወጠነው እዚያው ነው። እንግዲህ ስሟ ራሱ ገበያ የሆነ ከተማ «አትሰብሰቡ» ስትባል ምን ይውጣታል?

በ2012 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ እንቅስቃሴ ታገደባቸው። መጋቢት 30 ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በነሐሴ ሊደረግ የነበረው አገራዊ ምርጫም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በመላው አገሪቱ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ከቤቱ ዋለ።

እኔ ያን ጊዜ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ መምህር ነበርኩ። ስለ ራሴ የምነግራችሁ ነገር የሚያኮራ አይደለም። ቢሆንም የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ነገር ያለ እርሱ ማውራት አይቻልም።

ሊቀመንበሩን አልወዳቸውም ነበር። ለስብሰባ የሚጠሩን እሳቸው፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚያስከፍሉት እሳቸው፣ ከበላይ የመጣውን ሁሉ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው። ደብዳቤ ሲያነቡ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነበር። እኛ መምህራን ማታ ማታ ቡና ላይ ተሰብስበን በንግግራቸው እንስቅ ነበር። ዲፕሎማ ያለው ሰው በመሠረተ ትምህርት ሰው ይስቃል፤ ወግ ነው።

ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ማስታወቂያ ይዘው መጡ። እጅ በሳሙናና በውኃ በደንብ ይታጠብ፣ ሰው ከሰው ይራራቅ፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን ይላል። ሊቀመንበሩ በጣታቸው ተከትለው አንብበው ሲጨርሱ፣

«መልካም ነው። በየትኛው ውኃ?» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው የእጅ ፓምፕ ከተሰበረ ቆይቷል። ምንጩ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ነው፤ አቀበቱን ጀሪካን አዝለው የሚወጡት ሴቶች ልጆች ናቸው። ደቡብ ጎንደር በትራኮማ ክፉኛ የተጎዳ አገር ስለሆነ፣ «ፊታችሁን ታጠቡ» የሚል ምክር ለሕዝቡ አዲስ አልነበረም። ምክሩ ለዓመታት መጥቷል፤ የዓይን መድኃኒቱም በየጊዜው ታድሏል። ውኃው ግን ከምክሩ ጋር አልመጣም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሊቀመንበሩ የጠየቁት የነገሩን ሥር ነበር።

አንድ ቀን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቀምጠን፣ ይህን ያህል የሚጨነቁበት ምክንያት ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስለ 1950 ዓ.ም. ወባ ነገሩኝ። ያ ወረርሽኝ ወባ በማይታወቅበት ከፍታ ሁሉ ወጥቶ፣ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ገደለ የሚገመት ነው። እሳቸው ይህን ቁጥር አያውቁትም። የሚያውቁት እናታቸው የነገሯቸውን ነው፤ ከአንድ ግቢ በአንድ ሳምንት ሦስት ሬሳ ወጥቶ፣ ሦስተኛውን የሚሸከም ሰው ጠፋ።

«ያን ጊዜ የመጣብንን የነገረን አልነበረም» አሉ። «ዛሬ ተነግሮናል። ተነግሮት የማይሰማ ምን ይባላል?»

አያቴም የኅዳር በሽታን እንዲሁ ነበር የምታወራልን። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር የዳኑት። ዛሬም ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ጭሱ ቀርቶልናል፤ ምክንያቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሊቀመንበሩ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበሩ።

እናም ሥራ ጀመሩ። ስለ ፓምፑ ማመልከቻ ይዘው ወደሚመለከተው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ሦስቴም «በዕቅድ ተይዟል» ተባሉ። ሲመለሱ ሕዝቡን በየጎጡ አራት አራት እያደረጉ አነጋገሩ። በየተራ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ጀሪካን ውኃ ለትምህርት ቤቱ በርሜል እንዲያመጣ፣ የሚያመጣውም ወንድ፣ ያውም በአህያ እንዲሆን ተስማሙ። «ሴት ልጅ ከተሸከመች አይቆጠርም» አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። «ሰው በሌለበት ትምህርት ቤት ውኃ ማን ሊጠጣው?» ያለም ነበር። እሳቸው ግን ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ይከፈታል፤ የሚከፈት ቀን በርሜል መፈለግ አይሆንም ባይ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ግንቦት ውስጥ አንድ ጎረቤቴ «ማኅበር አለብን፣ ብቅ በል» አለኝ። በእኛ አገር ሕግ የሚከለክለው ሠርግ ሲደገስ ማኅበር ወይም ተዝካር እንደሚባል የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ትምህርት ተዘግቷል፤ ቤት መዋል ሰልችቶኛል፤ ጠላው ጥሩ ነው፤ ሄድሁ። ዳሱ ውስጥ ከአራት ሰው በላይ እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። ከእልፍኙ በኩል አዲስ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ብቅ ብላ አየችኝና ወዲያው ተመለሰች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ሂሳብ ስጽፍ ጠመኔው ከሰሌዳው ሳይነሣ መልሱን የምትናገር ልጅ። ከዚያ በኋላ ተነሥቼ ሄድሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሄድሁም። በላሁ፤ ጠጣሁ፤ መርቄ ወጣሁ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታበት ወቅት፣ ሊቀመንበሩ ዱላቸውን ይዘው ከቤቴ መጡ።

«መምህር፣ ስም መጥሪያውን አምጣው።»

«ትምህርት ሳይኖር ስም መጥሪያ ምን ያደርግልዎታል?»

«ልቆጥራቸው ነው። በግ የሚጠብቅ ማታ ማታ ይቆጥራል። እኛ እኮ ከመጋቢት ወዲህ አልቆጠርንም።»

እንዲህ ያለ ሐሳብ ከአንዳችንም መምህራን አልመጣም ነበር። ትምህርት በሬዲዮ ይሰጣል ተብሏል፤ ሬዲዮ ያለው ቤት ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅንም። እሳቸው ስም መጥሪያውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በዝናብ ከጎጥ ጎጥ እየዞሩ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠየቁ። ማን ወደ ሱዳን ጠረፍ ለሥራ ሄደ? ማን ታመመ? ማን ልትዳር ነው? ሊዳሩ የታሰቡትን ሲያገኙ በመጀመሪያ የሚልኩት የቤተሰቡን ንስሐ አባት ነበር። ካልሆነ ሽማግሌ፣ እሱም ካልሆነ የጋብቻን ዕድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ያደረገውን የክልሉን የቤተሰብ ሕግና በ1997 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ ያነሣሉ። ከታገዱት ሠርጎች አንዱ የገዛ እኅታቸው ቤት ነበር። እኅታቸው ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አላናገሯቸውም።

ከእኔ ክፍል ሲደርሱ በጣታቸው እየተከተሉ አንድ ስም ላይ ቆሙ። «ይህችስ?» አሉ።

«አክስቷ ጋ ሄዳለች መሰለኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ትምህርት ከገጠር ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈት፣ በእኛ ትምህርት ቤት በር ላይ ሁለት በርሜል ሙሉ ውኃ ነበር። ከአጥሩ እንጨት ላይ ታችኛው ጫፋቸው የተበሳ ሃይላንዶች ተንጠልጥለዋል፤ ከጎናቸው በገመድ የታሰረ ሳሙና አለ። ሊቀመንበሩ ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ እያስታጠቡ ያስገቡ ነበር። ማስክ ያልደረሰው ልጅ በነጠላ ጫፍ አፉን ሸፍኗል። በፈረቃ ከፈልናቸው፤ በየወንበሩ አራራቅናቸው።

ክፍል ገብቼ ስም ጠራሁ። ከዚያች ልጅ ስም ስደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «መምህር፣ እሷ እኮ አግብታለች። እርስዎም ነበሩ» አለ። በተንኮል አይደለም የተናገረው፤ የረሳሁ መስሎት ሊያስታውሰኝ ነው።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ነበሩ። ሰሙ። ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እኔ ብሳሳት ያልተማረ ነው ይሉኛል። አንተንስ ምን ይሉሃል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ሐምሌ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ልጅቷን መመለስ ይቻል እንደነበር አላውቅም። የምናውቀውን ባለመናገራችን ግን ማን ይጠፋ እንደነበር ማን ያውቃል? እኔ በሽታውን ፈርቼ እጄን አጥብቄ እታጠብ ነበር። ከዚያ ሠርግ ቤት ስወጣም ታጥቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ትምህርት በተከፈተ ጥቂት ጊዜ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ነሐሴ 2013 ጦርነቱ እስከ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫን አተራመሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘጉ። ሊቀመንበሩም ከኃላፊነታቸው ወርደው ወደ በሬዎቻቸው ተመልሰዋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ስማቸው በየትኛውም የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አልነበረም። በዚያ ክረምት በዝናብ ሲዞሩ የፈለጉት ድምፅ «አለሁ» የሚል የልጅ ድምፅ ነበር።

ጋይንት የትምህርት አገር ነው። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ከየአገሩ ተነሥቶ የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቆለፈው በር ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው መቼ ይከፈታል ብዬ ብቻ አይደለም። ስም መጥሪያው በማን እጅ ነው? እያልኩም እጠይቃለሁ።

እኔም ከዚያን ዕለት ወዲህ ስም ጠርቼ መልስ ሳጣ የቀሪ ምልክት አድርጌ አላልፍም። ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ «ቤቷ በየት በኩል ነው?» እላለሁ።