ከወንድሜ የቀረችው መኪና

ሰው ሲያርፍ ትቶት የሚሄደው ዕቃ በሁለት የሚከፈል ይመስለኛል። አንደኛው ዘመድ ተሰብስቦ ወዲያው የሚካፈለው ነው። ሁለተኛው ግን ማንም ደፍሮ የማይነካው፣ ማንም ጨክኖ የማይጥለው፣ በግቢ ጥግ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የሚኖር ነው። የታላቅ ወንድሜ መኪና ዕጣ ይህ ሁለተኛው ነበረ። ስለዚህች መኪና ጥገና ለአንባብያን መጻፌ የመኪና ፍቅር ስላለብኝ አይደለም፤ በጥቂት ገንዘብ አሮጌ ነገር ለማደስ የተነሣ ሰው የቱን አስቀድሞ የቱን ማስከተል እንዳለበት፣ ከቶም የማይገባው ርካሽ ነገር የትኛው እንደ ሆነ በዚህ ሥራ ስለ ተማርሁ ነው።

ወንድሜ በ2012 ዓ. ም. ካረፈ ጀምሮ መኪናዪቱ በአዲስ ከተማ ከሚገኘው ቤቱ አጥር ሥር አራት ዓመት ያህል ቆማ ነበር። ዓይነቷ ቶዮታ ስታርሌት ነው፤ እ. ኤ. አ. በ1991 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሲሲ ሞተር፣ የኋላ መዝጊያዋ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ መኪና ናት። ፋብሪካው ይህን ዓይነት መሥራት የተወው እ. ኤ. አ. በ1999 ሲሆን፣ በስፍራው የተተካው ዛሬ በከተማችን ጎዳና ሁሉ የምናየው ቪትዝ ነው። ጎማዎቿ ተንፍሰው ከመሬት ተጣብቀዋል፤ በኮፈኗ ላይ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀለሙን በልቶታል፤ በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ ዝጎ ጣት ያሳልፋል፤ የግራ ስፖኪዮዋ የለም። የዐሥራ አራት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንዳንድ ቀን በሩን ዘግቶ በሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚሠራው ነገር የለም፤ መሪውን ይዞ ዝም ማለት ብቻ ነው። እናቱም ይህን እያዩ አንድም ቀን ውጣ ብለውት አያውቁም።

የወንድሜ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ በመርካቶ በርበሬ ተራ ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። ለደንበኞቻቸው ዕቃ የሚያደርሱት በኪራይ መኪና ነበርና ከትርፋቸው ብዙው ለኪራይ ይሄድ ነበር። በ2016 ዓ. ም. የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ በተጨመረ ጊዜ አንድ ደላላ መጥቶ፣ «ተፈታትታ ለመለዋወጫ ትሆናለች» ሲል ዋጋ ቈረጠላቸው። እትዬም አስጠርተው ምክሬን ጠየቁኝ።

እኔም እንዲህ ስል መለስሁላቸው፦ «እትዬ፣ ይህች መኪና ከሄደች ሌላ ማግኘት ዘበት ነው። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ ዘንድሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ በርበሬም ኮረሪማም ትጭናለች። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኛልና 80,000 ብር አለኝ፤ በዚህ ገንዘብ ላስነሣት።» እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እንግዲያስ ልጁ ከጎንህ ይሁን፤ ብቻውን ከሚቀመጥባት ከአንተ ጋራ ቢሠራባት ይሻላል» አሉኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያውን ስሕተቴን ልናዘዝ። መካኒክ ሳልጠራ አዲስ ባትሪ ገዝቼ፣ አራት ዓመት በታንከሩ የተኛውን ቤንዚን እንዳለ ትቼ ሞተሩን ለማስነሣት ሞከርሁ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጓርቶ ጸጥ አለ። ቤንዚን ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ እንደሚሆን፣ ያም ሙጫ የካርቡራቶሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች እንደሚደፍን የተረዳሁት ገንዘብ ከከፈልሁ በኋላ ነው። ታንከሩ ወርዶ ታጠበ፤ ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ጸዳ፤ አዲስ ፊልትሮ ተጨመረ፤ ለዚህ ሁሉ 6,000 ብር ወጣ። አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ በታች ይበቃ ነበር።

ከዚህ በኋላ በሰው ምክር በመርካቶ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። የመርካቶ ስም ራሱ ገበያ ማለት የሆነ የኢጣልያንኛ ቃል ነው፤ በ1928 ዓ. ም. በጀመረው የወረራ ዘመን፣ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቅ ገበያ ወደዚህ በተዛወረ ጊዜ የተሰጠ ነው። የመካኒኮች ቋንቋም ከዚያው ወገን ነው፤ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ፣ ቺንጋ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ መጥተው በእጃችን ለስልሰው አማርኛ ሆነዋል። አዛውንቱ መኪናዪቱን ዞረው ካዩ በኋላ እኔን፣ «ምን ትሻለህ፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በመጀመሪያ ቀለም እንድትቀባ እሻለሁ፣ አባባ» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር በሐሳቤ የነበረው የጎረቤት ዓይን ነበር። የወንድሜን መኪና አድሶ አቆማት እንዲሉኝ እመኝ ነበር።

አዛውንቱ አልሳቁብኝም። እኔን በሾፌሩ ወንበር አስቀምጠው ፍሬኑን እንድረግጥ አዘዙኝ። እግሬ ምንም ሳይይዘው እስከ ወለሉ ወረደ። «የመኪናን መሄድ ሁሉ ሰው ያየዋል» አሉ፤ «መቆሟን ግን የሚያውቀው መንገድ የሚሻገረው ሕፃን ነው። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያቆማትን ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚያስኬዳትን፤ ቀለም የመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ካለቀ ከቀለሙ ይለቅ።» ልጁ ይህን ቃል በደብተሩ ጻፈው፤ እኔም በልቤ ያዝሁት።

ሥራው በዚሁ ተራ ሄደ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ይህም እርጥበት ለዓመታት ሲቆይ የፍሬኑን ፖምፓ ከውስጥ ያዝገዋል፤ ላስቲኮቹንም ይጎዳል። ስለዚህ ፖምፓው፣ የፍሬን ሸራዎቹና የላስቲክ ቱቦዎቹ ሁሉ በአዲስ ተተኩ፤ 14,000 ብር ወጣ። ከዚያ ተራው የጎማ ነበር። አንድ ነጋዴ ጥርሱ ያልተነካ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ቢያቀርብልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አዛውንቱ በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች ለልጁ አሳዩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቈጣጠር ያመለክታሉ። የዚያ ጎማ አኃዝ 1209 ነበረ፤ ይህም እ. ኤ. አ. በ2009 በ12ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ አርጅቶ ደርቋል፤ በጎኑም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ። ስለዚህ አራት አዲስ ጎማ በ20,000 ብር ገዛን፤ አሮጌዎቹን ጎማዎች ግን በርባሶ ጫማ ለሚቈርጡ ሸጥናቸው።

ቀጥሎ ሞተሩ ተከፈተ። የሞተሩን የታችኛ ዘንግ ከላይኛው ጋራ የሚያስተባብረው ባለ ጥርስ ቺንጋ ከላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ፣ መኪናው ባይነዳም በዕድሜው ብቻ ይደክማል፤ በመንገድ ላይ ከተበጠሰም ሞተሩ ባለበት ይቆማል። ቺንጋውና የውሃው ፖምፓ ተለወጡ፤ 7,000 ብር ሆነ። ለባትሪው የወጣው 7,000 ብር፣ የመካኒኩ የእጅ ዋጋ 15,000 ብር፣ የወለሉን ላሜራ ለማስበየድ 5,000 ብር ነበረ። ልጁ ይህን ሁሉ በደብተሩ ደምሮ፣ «ጋሼ፣ 74,000 ብር ወጥቷል፤ የቀረን 6,000 ብር ነው» አለኝ። ቀለም ቀቢው የቀኙን በርና ኮፈኑን ብቻ ለመቀባት 5,000 ብር ጠይቆ ነበርና፣ በቀረው ገንዘብ ስፖኪዮ ገዝተን እንጨርሳለን ብዬ ልቤ ረካ።

እነሆ የነገሩ ክብደት ከዚህ ላይ ነው። ስፖኪዮ ፍለጋ ከልጁ ጋራ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሱማሌ ተራ ወጣን። በዚያ ሠፈር በሐቅ የሚነግዱ፣ የዕቃውን ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁ፣ የማይሆነውን አይሆንም ብለው የሚመልሱ አያሌ ነጋዴዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ለመኪናችን የሚሆነውን የግራ ስፖኪዮ ከነደረሰኙ በ2,400 ብር እሰጣለሁ አለ። ለመወሰን እያመነታን ስንሄድ፣ ከመንገድ ዳር ሱቅ የሌለው አንድ ሰው ተከትሎን መጣ። ከኮቱ ሥር ያንኑ የሚመስል ስፖኪዮ አውጥቶ፣ «በ800 ብር ውሰዱት፤ ቶሎ ግን» አለን።

ዋጋውን በሰማሁ ጊዜ ሒሳቡ በራሴ ውስጥ ወዲያው ተሠራ፤ 800 ብር ለስፖኪዮ፣ 5,000 ብር ለቀለም፣ 200 ብር ይተርፋል። ብሩን ከኪሴ አውጥቼ መቍጠር ጀመርሁ። ልጁ ስፖኪዮውን ተቀብሎ ሲያገላብጥ በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር አየ። በከተማችን ባለመኪናዎች ሌባን ለመከላከል የታርጋቸውን ቁጥር በመስተዋት ላይ ያስቀርጻሉ። በዚህኛው ላይ የነበረው ቁጥር በአሸዋ ወረቀት ተፍቋል፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ይነበቡ ነበር።

ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ የአባባም ስፖኪዮ እንዲህ ቁጥር ነበረው፤ በሌሊት ነቅለው ወሰዱት። አባባ ብዙ ቀን አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነዳ» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ጥቂት ጊዜ በልቤ ያለፈውን ልሰውር አልችልም። «እኔ አልሰረቅሁት፤ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። «ገንዘቡ የድኻ ገንዘብ ነው፤ ለእናቱ ነው የምቈጥበው» የሚልም መጣ። ሁለቱም ሐሳቦች እውነት ይመስሉ ነበር። ልጁ ግን አላግባባኝም፤ አልተከራከረኝምም፤ የቈጠርሁትን ብር ብቻ ያይ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ያስተዋልሁት ይህን ነው፦ የወንድሜ ስፖኪዮ የተነቀለው በአንድ ሌባ እጅ ብቻ አልነበረም፤ በርካሽ ሊገዛው የተዘጋጀ እንደ እኔ ያለ ሰው በመኖሩ ጭምር ነበር። ብሩን ወደ ኪሴ መለስሁ። ሰውዬው ተቈጥቶ ጥቂት ከሰደበን በኋላ ወደ ሌላ መንገደኛ ሄደ። ስፖኪዮውም ምናልባት በዚያው ቀን ተሸጦ ይሆናል፤ እኔ ባለመግዛቴ ባለቤቱ ያገኘው ነገር የለም። ይህን አውቃለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጋዴ ተመልሰን 2,400 ብር ከፈልን፤ ደረሰኛችንንም ተቀበልን። የቀረው 3,600 ብር ለቀለም አልበቃም። ስለዚህ ዝገት የነካቸውን ስፍራዎች አሸት አድርገን፣ ልጁና እኔ በገዛ እጃችን ግራጫውን የዝገት መከላከያ ቀባናቸው። ዓመታዊውን ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን እትዬ ከንግዳቸው ከፈሉ። መኪናዪቱም ምርመራውን አለፈች።

መጀመሪያ የነዳኋት በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። እትዬ ሁለት ማዳበሪያ በርበሬ ከኋላ አስጫኑ፤ የኋላው መዝጊያ ወርዶ ሲገጥም ድምፁን ሰምተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ያን ድምፅ አራት ዓመት አልሰሙትም ነበርና። ልጁ ከጎኔ ተቀመጠ። በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስናልፍ አንድ ሸክም ያጐበጠው ሰው ሳያይ ወደ መንገዱ ገባ። ፍሬኑን ረገጥሁ፤ መኪናዪቱም ቀጥ ብላ ቆመች። ሰውዬው እኛን ሳያየን ተሻገረ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርሁም፤ ነገር ግን የአዛውንቱን ቃል ሁለታችንም ያስታወስን ይመስለኛል።

ዛሬ መኪናዪቱ የምትሠራው ለእትዬ ንግድ ነው። ለኪራይ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለልጁ ትምህርት ሆኗል። የቀኝ በሯ አሁንም ግራጫ ነው፤ ጎረቤቶችም ስለ ቀለሟ ይቀልዱብኛል። አሮጌ መኪና በጥቂት ገንዘብ ለማደስ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር እንዲህ እመክረዋለሁ፦ የቆየውን ቤንዚን ሳያወጣ ሞተር አይሞክር፤ ፍሬንና ጎማ ሳይጨርስ ቀለም አያስብ፤ በጎማው ጎን ያለውን አኃዝ ያንብብ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ምንም ቢረክስ አይግዛ፤ ልጅ ካለውም ከጎኑ ያቁመው።

የአዲሱን ስፖኪዮ ነገር ግን ልጁ ለማንም አልተወውም። በተገዛ በማግሥቱ ቀራጩ ዘንድ ራሱ ይዞት ሄደ፤ የአባቱንም ታርጋ ቁጥር በጠርዙ ላይ አስቀርጾ መጣ።