ከፎገራ ሜዳ እስከ ባሕር ዳር

አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ባሕር የሚያህል ሐይቅ አላት። ጣናን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ በብዛት የሚያርፈው ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይሁንና ከእርሷ በፊት ስመ ጥር የነበሩ የጣና ዙሪያ ገበያዎች እንደነበሩ ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው።

ከወረታ በስተሰሜን፣ በሊቦ ከምከም፣ ይፋግና ደሪታ ይገኛሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይፋግ ትልቅ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ጎረቤቷ ደሪታ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበረች። በዚያን ጊዜ በጎንደርና በአካባቢው «ነጋዴ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ማለት ነበር። አባቶቻችን ቡናውንና አሞሌውን በአጋሰስ ጭነው ረጅሙን የምጽዋና የመተማ መንገድ ይመላለሱበት ነበር።

ወደ ደቡብ ተጉዘን፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግረን ሐሙሲት ስንደርስ፣ በስተምዕራብ በሐይቁ ዳር ቆራጣ አለች። በቡናዋ የታወቀች፣ ታንኳ የሚመላለስባት የንግድ ከተማ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዙን መልክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን እዚያ አሳርፈውት ነበር። ዛሬ ዋናው መንገድ ርቋት ስለሚያልፍ ስሟን የሚያነሳ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ባሕር ዳር በአንጻሩ አነስተኛ መንደር ነበረች። ጣሊያን በ1936 ገብቶ የጦርና የአስተዳደር ማዕከል አደረጋት። ከነጻነት በኋላ፣ በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለላት። በ1963 ሶቪየት ኅብረት የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት አቋቋመላት፤ በ1964 የጢስ አባይ ኤሌክትሪክ ኃይል ደረሰላት። ሥራና ትምህርት ፈላጊው ከየአቅጣጫው ገባ። ቀጥሎም የሐይቁን ደሴቶችና የጢስ አባይን ፏፏቴ የሚሻ ቱሪስት መጣ፤ ሆቴሉና ጀልባው በዛ።

ነገር ግን ይህ ሲሳይ የቆመው በውኃ ላይ ነው። በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የፏፏቴው ውኃ እጅግ ቀነሰ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ የፎገራን ጭምር፣ ወረረ። ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚጥልበት፣ ከብቱ ውኃ የሚጠጣበት ጠፋ። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቀለ። በ2023 በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ እንግዳውን አራቀው።

ርብና ጉማራ ከደጋው አጥበው የሚያወርዱት አፈር፣ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያም ጭምር፣ መጨረሻው ጣና ነው። እንቦጭም በዚሁ ይፋፋል። ስለዚህ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂና የፎገራ ሩዝ አምራች ጉዳያቸው አንድ ነው። እርከን የሚሠራ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ የማይቆርጥ ገበሬ በሩቅ ላለው ባለ ጀልባም እየሠራለት ነው። አላህ ሰላሙን ያውርድልንና፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዚህ መንገድ ስታልፉ ደሪታንና ቆራጣን በስማቸው ጥሩላቸው፤ ጉማራ ድልድይ ላይም የውኃውን ቀለም አሳዩአቸው።