ጨሞጋ ዳር፣ ጮቄ ላይ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን መንገድ፣ የዓባይን በረሃ ጨምሮ፣ እንቅልፍ ወሰደብኝ። በማግስቱ ከከተማው እንደወጣን ጨሞጋ ወንዝ ዳር ጥንድ የግብፅ ዝዮች ሣር ሲግጡ አየን። ዓይናቸውን ቡናማ ቀለም ከቦታል። ሾፌሩ «ይኸው ዝይህን አገኘህ፤ እንመለስ» ሲለኝ ተናደድኩ። ይህችማ በአፍሪካ ሞልታለች። የጥንት ግብፃውያን የመቃብር ግድግዳ ላይ ሥለዋታል። ለኩሬ ጌጥ ወደ እንግሊዝ ተወስዳ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ተራብታለች፤ እንዲያውም የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቷታል። ለእሷ የሚሰጋ የለም።

እኔን ያስመጣችኝ ሌላዋ ናት። ጮቄ ተራራ ላይ፣ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጅባራው ከቆመበት ሜዳ ሥር፣ ረግረግ ዳር አገኘኋት፤ ግራጫማ ቡናማ፣ ወፍራም ላባ የደረበች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ ያስተኛች። ብድግ ብላ ስትበር ክንፏ ላይ ያለው ፈዛዛ ሰማያዊ ድንገት ተገለጠ፤ ደስታው እንባዬን አመጣው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ይህች ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የምትኖርበት አገር የላትም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለዓመታት «ለአደጋ ተጋላጭ» ብሎ መዝግቧት ቆይቷል።

ገብሱ ረግረጉ ጠርዝ ድረስ ደርሷል። አዲስ የተቆፈረ ቦይ ውሃውን ቁልቁል ያንጠፈጥፋል። ማሳው ውስጥ የነበሩትን አዛውንት ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ይህችን ዝይ ትበሏታላችሁ?»

«በስመ አብ! ክርስቲያን የዱር ዝይ ይበላል?»

«ታዲያ ረግረጉ ሲደርቅ የት ትግባ?»

ጥቂት ዝም አሉ። «ልጆቼስ የት ይግቡ ልጄ? የታቹ መሬት አልበቃን አለ።»

ለዚህ ጥያቄ ቁጣ መልስ አይሆንም። እምነት ዝይዋን ከወጥመድ አድኗታል፤ ከማረሻ ግን አላዳናትም። ሥጋዋን አንበላም፤ ቤቷን ግን እየበላነው ነው። ደግሞም ቤቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ጨሞጋና ሙጋ ከዚሁ ከጮቄ ነው የሚወርዱት። ላይ ቦይ ሲቆፈር ታች ያለው ገበሬ በበጋ ውሃ ያጣል። የመንዝ ሕዝብ ጓሳ የተባለውን የደጋ ሣር ምድሩን በራሱ ደንብ፣ እየዘጋ እየከፈተ፣ ለዘመናት አቆይቷል። ጮቄም ላይ የረግረጉ እምብርት እንዳይታረስ መንደሩ ሊመክርበት ይገባል፤ ውሃው የሚደርሰን የታች ሰዎችም፣ ማሳቸውን ለሚተዉት አባት ሌላ መተዳደሪያ የማስገኘት ዕዳ አለብን።